በጠባቂው መስመር የተቀዳ ድምፅ

የአባቴን ድምፅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ አይደለም፣ መብራት ሄዶም አይደለም። አንድ ቦታ ላይ መምረጥ የነበረብኝን ትቼ ሌላውን መረጥኩና ሦስት ቀን ሙሉ ሳላየው ቀረሁ። አባቴ አሁን ድምፅ የለውም። የቀረው እኔ ያበላሸሁት ብቻ ነው።

ሥራዬ ለጌም ድምፅ ማዘጋጀት ነው። ሰው ሲሰማ «ሙዚቃ ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። አልሠራም። ተጫዋቹ ሲራመድ ከእግሩ ሥር የሚንኮሻኮሸው ጠጠር፣ ሲጢጥ የሚለው የበር ማጠፊያ፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድና በሣር ላይ ሲወርድ ያለው ልዩነት፣ እሱ ነው የኔ ሥራ። አንድ ትንሽ ጌም ውስጥ እንኳ ሦስት ሺህ ያህል ድምፅ ይኖራል። ሁሉንም አንድ በአንድ መቆጣጠር ስለማይቻል በመስመር በመስመር እንከፍላቸዋለን፤ በሥራው ቋንቋ ባስ ይባላል። የእግር ኮቴው ሁሉ በአንድ መስመር፣ ሙዚቃው በሌላ፣ ንግግሩ በሌላ ይሄድና መጨረሻ ላይ ዋናው መስመር ላይ ተገናኝተው ይወጣሉ። አንዱን መስመር ዝቅ ካደረግነው በውስጡ ያለው ሁሉ ዝቅ ይላል። አንዱ መስመር ላይ የገደል ማሚቶ ከጨመርን በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ገደል ይገባል። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም። እናቴን አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ሳስረዳት ቆይቼ «የውሃ ቧንቧ በይኛ» ብላ በሦስት ቃል ጨርሳዋለች።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ባለጉዳይ ሲጠራ ነው የኖረው። ችሎቱ በር ላይ ይቆምና ስም ይጠራል። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ደረጃው ሁለት ፎቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ባለጉዳይ አለ፤ የአባቴ ድምፅ ሁሉም ጋ ይደርሳል። አይጮህም። ስሙን ከነአባቱ፣ ረጋ ብሎ፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው አየሩ ላይ ያስቀምጠዋል። የፍርድ ቤቱ አስተዳደር አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ኮሪደሩ ላይ ሰቅሎ ነበር። ባለጉዳዩ «ማን ተባለ? ማን ተባለ?» እያለ ተተራመሰ። በሳምንቱ አወረዱት።

ቤት ውስጥ ግን ዝምተኛ ነው። «ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስጠራ ውዬ ማታ ደግሞ ማንን ልጥራ?» ይላል። የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እናቴን። የግቢውን በር ከፍቶ ሲገባ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ በዚያው በችሎት ድምፁ «ክብርት ዳኛ፣ ባለጉዳይ ቀርቧል» ይላል። እናቴ ከውስጥ ሆና አንድ ቀን «ይግባ» ትለዋለች፣ አንድ ቀን «ለነገ ተቀጥሯል»፣ የተኮራረፉ ሰሞን ደግሞ «መዝገቡ ተዘግቷል»። ጎረቤት ስለሚሰማ እኔ በሀፍረት አንገቴን የምቀብርበት አጣ ነበር። ለነሱ ደንታቸውም አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ድምፁ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ። ጉንፋኑ አምስት ወር ሲሆነው ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ዕጢ ነው፣ ማንቁርቱ መውጣት አለበት አሉን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያየ «ይድናሉ፤ ድምፅዎ ግን አብሮ ይሄዳል» አለው።

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ። ትንሽ ብትታገሠኝ ምን ነበረበት?»

ሐኪሙ ቀልድ መሆኑ አልገባውም። መታገሥ የማይቻልበትን ምክንያት በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳው። አባቴም እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጠው።

ቀጠሮው ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ነበር። እኔ የሚሠራ ነገር ሲኖር ነው የሚሻለኝ፤ ቁጭ ብዬ ማዘን አይሆንልኝም። ስለዚህ ሥራ ፈለግሁ። ያን ጊዜ በምንሠራው ጌም ውስጥ አንድ የዋሻ ጠባቂ አለ። ከድንጋይ የተሠራ ነው፤ ሺህ ዓመት አንድ በር ሲጠብቅ የኖረና የመጣውን ሁሉ ስሙን የሚጠይቅ። ድምፅ የሚሆነው ሰው አላገኘንም ነበር። ኃላፊያችንን፣ ሁላችንም «ዋናው» የምንለውን፣ ቢሮው ገብቼ «አባቴን ላምጣ?» አልኩት።

«ተዋናይ ነው?»

«ፍርድ ቤት በር ላይ ስም ይጠራል።»

«ታዲያ እስካሁን የት ደብቀሽው ነው?» አለ ዋናው። ስለ ሕመሙ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና የመቅጃ ክፍሉን ለሦስት ቀን ያዥው አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ለጌሙ፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ለቤታችን እንዲሆኑ አሰብኩ። ለቤት የሚቀዳውን ዝርዝር እናቴ ልትጽፍ ተቀመጠችና ወረቀቱን ግማሽ ሳታደርስ ተወችው።

«የሚያነበው ነገር አትስጪው» አለችኝ። «ሲያነብ ሌላ ሰው ነው። እንደሚያወራ ያውራ። ብቻ እንዴት እንደሚጠራኝ ቅጂልኝ። ሌላው ቢቀር ይቅር፣ እሱን።»

ሌላ ቅጂ የለንማ። ስልክ ላይ መልእክት ትቶ አያውቅም፤ ይደውላል፣ «የት ነሽ?» ይላል፣ «እሺ» ይላል፣ ይዘጋል። በቤተሰብ ቪዲዮ ላይ ሁልጊዜ ስልኩን የሚይዘው እሱ ስለሆነ አይሰማም። ዘጠኝ ሰከንድ የምትሆን አንዲት አለች፤ የወለሉ ምንጣፍ እየታየ «ነካሁት እኮ፤ ይሄ ነው የሚነካው?» የሚልባት።

በቀረጻው ቀን ኮትና ክራቫት አድርጎ መጣ። የመቅጃ ክፍላችን ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተሸፍኗል፣ አንድ ወንበርና አንድ ማይክ ከገባ በኋላ ለሰው ብዙ ቦታ አይተርፍም።

«የት ነው የምቆመው?»

«ተቀመጥ አባዬ፣ ወንበር አለ።»

«ተቀምጬ ጠርቼ አላውቅም።»

ወንበሩን አወጣሁት።

ለጠባቂው የሚሆን መስመር ሠርቼ ነበር። በዚያ የሚያልፍ ድምፅ ይወፍራል፣ ጥላ እንደሚከተለው ትንሽ ዘግይቶ ይደገማል፣ በላዩ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ይሰማል፣ በመጨረሻ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ሦስት ቀን የፈጀብኝ መስመር ነው፤ ኮርቼበታለሁ። እንደ ወትሮው ቢሆን ድምፁን ከማይኩ በቀጥታ ነው የምቀዳው። ሶፍትዌሩ ከየት ልቅዳ ብሎ ያስመርጣል። ከማይኩ ከተቀዳ ጥሬው ድምፅ ይቀመጣል፤ ኢፌክቱን፣ ማለትም ውፍረቱንና ዋሻውን፣ በኋላ እንደ ልብስ አለብሰዋለሁ፣ ካልወደድኩት አወልቀዋለሁ። ከመስመሩ መውጫ ከተቀዳ ግን ልብሱ ቆዳ ይሆናል።

ዋናው ጠዋት ብቅ ብሎ «ጌሙን የሚያዩ እንግዶች ከሰዓት ይመጣሉ። ጠባቂውን ተሠርቶ ያለቀውን ላሰማቸው እፈልጋለሁ» አለኝ። ለማቀናበር ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ መቅጃውን ከጠባቂው መስመር መውጫ ላይ አደረግሁት። ለዛሬ ብቻ፣ ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ።

አባቴ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ «ስምህን ተናገር» አለ። የራሱ ድምፅ ከመሬት ሥር መጣለት። ማዳመጫውን ከጆሮው አንሥቶ ውስጡን አየ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«ምን በልቼ?»

ከዚያ በኋላ ማንበብ አቃተው። «ስምህን» ይላል፣ ይስቃል። «ተናገር» ሳይል ዕንባው ይመጣል። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነው። እንዲረጋጋልኝ ብዬ ወደ ሁለታችን ማዳመጫ የሚመጣውን ድምፅ ከጠባቂው መስመር አወጣሁትና ጥሬውን አደረግሁት። ወዲያው ተስተካከለ፤ አንድም ሳይሳሳት ሁሉንም ቃል በአንድ ሰዓት ጨረሰ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በጆሯችን የምንሰማው አባቴን ነበር፤ እየተቀዳ ያለው ግን ጠባቂው ነው። እንግዶቹ ከሰዓት ሰምተው አጨበጨቡ አሉ።

በሁለተኛው ቀን ሁሉ ነገር እንደተሰናዳ ስለነበር ያንኑ ፋይል ከፈትኩ። መቅጃውን አልመለስኩትም። ነገ እመልሰዋለሁ ያልኩት ጭራሽ ትዝ አላለኝም። በማዳመጫዬ ውስጥ የአባቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ምን ልጠራጠር?

ሁለት ቀን አወራ። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስሙን እየጠራው አንድም ቀን ቀርቦ ስለማያውቅ ሰው አወራ። በመጨረሻ ሰውየው ሲመጣ ኮሪደር ውስጥ ተቃቅፈው ሰላም ተባባሉ አሉ፣ እንደ ቆየ ወዳጅ። ስለ መጀመሪያ ደሞዙ፣ ስለገዛበት ጫማና ጫማው ስለላጠው ተረከዙ አወራ። እናቴን እንዴት እንዳገኛት ያን ቀን ነው የሰማሁት። ለጎረቤት ምስክር ሆና ነው ፍርድ ቤት የመጣችው።

«ስሟን ጠራሁ፤ ዝም። ደግሜ ጠራሁ፤ ዝም። ሦስተኛ ብጠራ ፊቴ ቆማለች እኮ። አንቺ ነሽ ወይ ብላት፣ ነኝ አለች። ታዲያ ለምን አቤት አትይም ስላት፣ ደግመህ ትጠራ እንደሆነ ብዬ ነው አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንቺ መጣሽ።»

«ትንሽ አሳጠርከው አባዬ።»

«ጊዜ የለኝም ብለሽኝ ነው እንጂ።»

በመጨረሻው ቀን የቀረን እናቴን የሚጠራበት ጥሪ ብቻ ነበር። ማይኩ አፍንጫው ሥር ሆኖ አልሆንለት አለ። «ከሩቅ ነው የምጠራት» አለ። ግድግዳው እስኪነካው ወደ ኋላ ሄደ፣ የክፍሉን በር ግቢያችን አስመስሎ አየው፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ጠራት። እኔ ስክሪኑ ላይ የድምፁን መጠን እያየሁ ነበር፤ አረንጓዴው እስከ ላይ ወጣና ቀይ ሳይነካ ወረደ። ድንቅ ቅጂ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ልስማው እንዴ?» አለኝ።

«በኋላ አባዬ። መኪናው ደጅ እየጠበቀን ነው። ቤት ሙሉውን አሰማሃለሁ።»

አሥር ሰከንድ ነበር የሚፈጀው። ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀመጥኩ፤ መሥሪያ ቤት፣ ዲስክ ላይ፣ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ። በጥንቃቄዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሕክምናው ተሳካ። አባቴ አንገቱ ሥር ትንሽ ቀዳዳ፣ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይዞ ቤት ገባ። በደብተሩ ላይ መጀመሪያ የጻፈው «በሆስፒታሉ ሾርባ ላይ ይግባኝ እጠይቃለሁ» የሚል ነው። ቀስ በቀስ በምልክት መግባባት ጀመሩ። እናቴ ጓዳ ስትሆን ጠረጴዛውን በጣቱ ያንኳኳል። ሁለት ጊዜ ማለት ነይ ነው፤ ሦስት ጊዜ ማለት ተናድጃለሁ።

በወሩ እናቴ ደወለችልኝ። «ያን ነገር መቼ ነው የምታመጪልኝ?»

«እየቆራረጥኩት ነው እማዬ። ጥሩ አድርጌ ነው የማመጣልሽ።»

ፋይሉን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ሥራ በዝቶብኛል እል ነበር፤ በዝቶብኝም ነበር።

በሁለተኛው ወር የጌሙን ድምፆች ማመጣጠን ጀመርን። ሙዚቃውን የሚሠራው ልጅ «ጆሮ» ነው ስሙ፤ የእናቱ ስጦታ አይደለም፣ እኛ ነን ያወጣንለት። አጠገቤ ተቀምጦ የጠባቂውን ቦታ ሲያዳምጥ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ሰውዬ ስንት ጊዜ ነው ዋሻ የሚገባው?»

«ማለት?»

«ዋሻ ውስጥ ሌላ ዋሻ ነው የሚሰማኝ። ኢፌክቱን አጥፊውና እንስማው እስቲ።»

የጠባቂውን መስመር ኢፌክት በሙሉ አጠፋሁ። ጠባቂው እዚያው ነበር። ትንሽ ቀረብ አለ እንጂ ድንጋዩ ድንጋይ ነው፣ ዋሻውም ዋሻ። ሌላ መስመር ላይ ጎትቼ አስገባሁት። ማዳመጫዬን ነቅዬ ሰካሁ። ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ ለቤት የቀዳሁትን ፋይል ከፈተ።

«ሦስተኛ ብጠራ» አለኝ ሺህ ዓመት የኖረው ድንጋይ። «ፊቴ ቆማለች እኮ።»

ጆሮ ገና አልገባውም። «ቀላል ነው፣ አባትሽን አንድ ቀን ጥሪያቸውና እንደገና...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ትዝ አለው። ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ውሃ ላምጣልሽ ብሎ ወጣ፣ ሳያመጣ ቀረ። አልፈረድኩበትም።

ሦስት ሳምንት ለመመለስ ሞከርኩ። ውፍረቱን ባቀጥነው አፍንጫው የተደፈነ ጎረምሳ ሆነ። የዘገየውን ድግግሞሽ ለመቀነስ ብሞክር ከነቃሉ እየተቦጨቀ ወጣ። የዋሻውን ማሚቶ ማውጣት ከሻይ ውስጥ ስኳር መልሶ እንደመልቀም ነው። የሚፋጨው ድንጋይ ደግሞ በትክክል አባቴ ትንፋሽ የሚወስድባቸው ቦታዎች ላይ አርፏል፤ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፣ ያስፈራል ብዬ። በመጨረሻ የተበላሸ ድምፅ ያጸዳል የተባለ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት። ንጹሕ ሰው ወጣ። ለስላሳ፣ ጨዋ፣ የባንክ ስልክ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለውን ዓይነት። ክብርት ዳኛ ብሎ ሲጠራ ተዋውቀው የማያውቁ ነው የሚመስለው። እሱን አጠፋሁት።

ዋናውም ሰማ። ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ «ለጌሙ ግን ግሩም ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ነገ አልመጣም ብዬው ቤቴ ሄድኩ፤ በነጋታው ግን መጣሁ፣ የሚሞከር ነገር ቀርቶኝ ስለነበር።

በመካከሉ እናቴ ትደውላለች። «ልጄ፣ አለቀ?»

«ትንሽ ቀረው።»

«እሱ ራሱ ልስማው እያለ ነው። ደብተሩ ላይ ጽፎ አሳየኝ።»

«በዚህ ሳምንት እማዬ።»

የሚሞከር ሲያልቅ እሑድ ከምሳ በኋላ ሄድኩ። ኮምፒውተሬንና ሁለት ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎች ይዣለሁ። እናቴ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግታለች። የማቀዝቀዣውን ገመድ ሳይቀር ነቅላዋለች፤ ያ ጉርምርምታው እንዳይረብሽ። ደህና ቀሚሷን ለብሳለች። አባቴ ሶፋው ላይ ቦታውን ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አንሥተው ባዶ አድርገውልኛል።

እናቴ ወንበሯን ሳበች። «እዚህ ልቀመጥ ወይስ ራቅ ልበል?»

«እማዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ከሰማሁ በኋላ ትነግሪኛለሽ።»

«በፊት ነው መንገር ያለብኝ። አበላሽቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ወደ አባቴ አየች፤ ወደ እኔ ተመለሰች። ነገርኳት። በኛ ሥራ ቋንቋ ሳይሆን በሷ ቧንቧ ነገርኳት። ውሃው ቀለም ከመግባቱ በፊት መቅዳት ሲገባኝ ቀለሙ ከገባ በኋላ ቀዳሁት፤ እኛ ስንሰማ ግን ከላይ ንጹሑን ነበር የምንሰማው። ወዲያው ገባት። ባይገባት ደስ ባለኝ።

«ማጥራት አይቻልም?»

«ሦስት ሳምንት ሞከርኩ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ታውቂያለሽ በይኛ። ስደውልልሽ ሁሉ።»

«አዎ።»

አባቴ ደብተሩን አወጣ፣ ጻፈና ወደሷ አዞረው። «ተከሳሽ አምናለች። ቅጣት ይቅለልላት።» ወትሮ ቢሆን ያስቃታል። በእጇ ጫፍ ደብተሩን ወደሱ መለሰችው።

«አሰሚኝ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይቅርብሽ።»

«አሰሚኝ አልኩ።»

ከፈትኩት። ጠባቂው ጠራት። ድምፅ ማጉያዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ሆኖም መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። አባቴ ራሱን ሲሰማ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ አንገቱ ላይ ካለችው ቀዳዳ አየር ብቻ ቱፍ ቱፍ ይላል። ከዚያ የእናቴን ፊት አየና ተወው።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። በሦስተኛው ላይ ተነሥታ ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፍ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ በግድግዳ በኩል የጎረቤት ወሬ እንደሚሰማ ሰው። ብዙ ቆየች።

«ከሥር ይኖራል ብዬ ነበር» አለች። «የለም። ዝጊው።»

ዘጋሁት። ማቀዝቀዣው ተነቅሎ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቤቱ እንደ መቅጃ ክፍላችን ሆነ።

«እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አንቺ ላይ አይደለም የተናደድኩት» አለች። ጠረጴዛውን በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ ምንም የለበትም። «ደውለሽልኝ ነበር። ከቀረጻው በፊት። ትዝ ይልሻል?»

«ስለ ምን?»

«ድምፁን ይቆጥብ፣ ብዙ አታስወሪው፣ ሻክሮ እንዳይመጣብኝ ብለሽ።»

ትዝ አለኝ። ከሥራ ቦታ ሆኜ ነው፤ በአንድ እጄ ሌላ ነገር እየሠራሁ፣ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ስልክ።

«አላስወራሁትማ። ማታ ተኝተን ሊያጫውተኝ ይጀምራል፤ ዝም በል፣ ለልጅቷ አስቀምጠው እለዋለሁ። ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ሆኖ ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት ሮጬ ሄጄ እጄን አፉ ላይ እጭናለሁ። እሱም እሺ ይላል፤ ዝም ብሎ ይገባል። አሥር ቀን እንደዚያ። ከቀረጻው በኋላም አሞት ነበር፣ ብዙ አላወራም። መናገር እየቻለ እኮ ነው። እኔ ነኝ አፉን የያዝኩት። ተቀምጦልኛል ብዬ ነዋ።»

ገመዶቹን መጠቅለል ጀመርኩ፣ እጄ ሥራ እንዲይዝ። እናቴ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች፣ ማቀዝቀዣውን ሄዳ ሰካችው፣ በአጠገባችን አልፋ መኝታ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም። አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ስትቀመጥ ከሶፋው በኩል ይታያል።

አባቴ አፉን ከፈተ። እስካሁን አንዳንዴ ይረሳዋል። አየሩ በአንገቱ ወጣ። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ አልዞረችም። ትንሽ ጠብቆ አሁንም ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

ከዚያ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጻፍ ያዘ። ረጅም ነው የጻፈው፤ ገጹን ሞልቶ ገለበጠና በጀርባውም ጻፈ። እንዲህ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ መስመር ነው። ለኔ መሰለኝ። ስድብም ቢሆን፣ ምሕረትም ቢሆን፣ የሚነበብ ነገር ቢሰጠኝ ብዬ የያዝኩትን ገመድ አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ከደብተሩ ቀደደው፣ ለሁለት አጠፈው። እጄን ዘረጋሁ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ያንቺ አይደለም ማለቱ ነው። በዚያ ወረቀቱን በያዘበት እጁ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።